ለቫን ኑሮ የሚሆን ትንሽ ጄኔሬተር፦ ከመግዛታችሁ በፊትና ከገዛችሁ በኋላ

ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ለታማሚው በአማርኛ አደርሳለሁ፤ የታማሚውንም መልስ ለሐኪሙ እመልሳለሁ። ቢሮዬም ቤቴም አንድ አሮጌ ፎርድ ትራንዚት ቫን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ የነበረኝ አፓርታማ ኪራዩ ከአቅሜ በላይ ሲሆን ቫኑን ገዝቼ፣ አልጋና ምድጃ ሠርቼለት ገባሁበት፤ ይኸው ሦስት ዓመት አለፈኝ። ብርዱ ሲገባ ወደ አሪዞና በረሃ እወርዳለሁ፣ በረሃው መፋጀት ሲጀምር ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እመለሳለሁ።

ጣሪያዬ ላይ 400 ዋት ሶላር አለ፤ ከአልጋው ሥር ደግሞ 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ። አብዛኛውን ቀን እነሱ ይበቁኛል። ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠቁር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ሥር ስቆም ግን ባትሪው ይወርዳል። ባትሪው ሲወርድ ኢንተርኔቱ ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። ጄኔሬተር የያዝኩት ለነዚያ ቀናት ነው። ሰሞኑን ከባድ መኪና የሚነዱም፣ እንደኔ ቫን ውስጥ መኖር የጀመሩም ወገኖች «የቱን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ገንዘቤን የበሉትን ስሕተቶች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሕይወቴን ሊያሳጣኝ የነበረውን፣ ሳላስቀር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ዋጋው ስቦኝ ነው። 3,500 ዋት፣ ዙሪያውን ክፍት የሆነ የብረት ፍሬም፣ ሁለት ጎማ። ትልቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ነበር። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት የምትባል ከተማ አጠገብ በረሃው ላይ ቆሜ ከቫኑ ዐሥር ሜትር ያህል አራቅሁትና አስነሥቼው ሥራ ገባሁ። አንድ ሐኪም ለአንዲት እናት የደም ምርመራቸውን ውጤት እየነገራቸው ነበር። እኔ የሐኪሙን ቃል ጨርሼ መልሳቸውን ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ አልሰማህም እኮ፤ ወፍጮ ቤት ነው ያለኸው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወርጄ ሞተሩን አጥፍቼ ተመለስኩ። ሁለቱም ጸጥ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ስለ ገዛ ጤናቸው የሚነገራቸውን ለመስማት ጆሯቸውን አቅንተው የተጨነቁትን እናት በእኔ ሞተር ጩኸት ማስቸገሬ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። በዚያው ሳምንት ጄኔሬተሩን የግንባታ ሥራ ለሚሠራ ሰው በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርትዝ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ተራ ጄኔሬተር ያንን 60 ለመስጠት ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር መሽከርከር አለበት። ስልክ ብቻ ቻርጅ ብታደርጉም 3,600፣ ምጣድ ብትጥዱበትም 3,600 ነው። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ግን ያመነጨውን ኃይል መጀመሪያ ባትሪ እንደሚሰጠው ወዳለ ኃይል (ዲሲ) ለውጦ፣ ከዚያ በኤሌክትሮኒክስ መልሶ ከግድግዳ መሰኪያ እንደምናገኘው የተስተካከለ ኃይል (ኤሲ) አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሸክም ሲቀልለት ዝግ ይላል፣ ሲከብድበት ብቻ ይፈጥናል። ቤንዚኑም ጩኸቱም የሚቀንሰው በዚህ ነው፤ የሚያወጣው መብራትም ለላፕቶፕና ለባትሪ ቻርጀር የተመቸ ነው። ቫን ውስጥ ለሚኖር ሰው ከኢንቨርተር ውጭ ያለውን አልመክርም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አላመነታም።

በዚህ ኑሮ ውስጥ በብዛት የምታዩት ሆንዳ ኢዩ2200አይ ነው። ለአፍታ 2,200 ዋት ይሰጣል፣ ሳያቋርጥ ግን 1,800። ሞተሩ 121 ሲሲ ነው፣ ክብደቱ ወደ 21 ኪሎ፣ ድምፁ በሩብ ሸክም 48 ዲሲቤል፣ በሙሉ ሸክም 57። ያማሃም ኢኤፍ2000አይኤስ የሚባል ተቀራራቢ ሠርቷል፤ ለአፍታ 2,000፣ ሳያቋርጥ 1,600 ዋት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሞተሩ ለአፍታ የሚችለው ነው። ቀኑን ሙሉ የምትኖሩበት ቁጥር ትንሹ ነው፤ ስትገዙ ፈልጋችሁ አንብቡት።

እኔ የያዝኩት ሁለተኛ እጅ የሆነ ሆንዳ ነው። ሁለተኛ እጅ ለሚገዛ የምመክረው ይህን ነው። ለሻጩ ቀድማችሁ ደውላችሁ «እኔ እስክመጣ አታስነሣው» በሉት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ቀዝቃዛ ሲሆን እንደማይነሣ ጠርጥሩ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ መልኩን እዩ፣ ታንከሩን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ያረጀ ቤንዚን ሽታው የቤንዚን አይደለም፣ እንደ ቫርኒሽ ይሰነፍጣል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ የጸጉር ማድረቂያ ሰክታችሁ ከፍተኛው ላይ አድርጉት። ሞተሩ ትንሽ አጉረምርሞ ከተረጋጋ ደህና ነው። ከፍ ዝቅ እያለ የሚያቃስት ከሆነ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቆሽሿል። ያ ብቻውን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ነው።

የድምፁ ነገር የሕግም ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ15 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ60 ዲሲቤል በላይ የሚጮህ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው። ዮሰማይት ደግሞ ሰዓትም አለው፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ብቻ። በረሃው ላይ በነጻ በምንቆምባቸው የመንግሥት መሬቶች አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሰዓት አይዝባችሁም፤ ግን ጎረቤት አለ፣ ጎረቤቱም ጸጥታ ፍለጋ ነው እዚያ የመጣው።

ስንት ዋት ይበቃል የሚለውን በግምት አትወስኑ። የየዕቃውን ጀርባ ገልብጣችሁ የተጻፈውን በወረቀት ላይ አስፍሩ። የእኔ ላፕቶፕ 65 ዋት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ከ50 እስከ 100 ይወስዳል። ባትሪውን የሚሞላው 40 አምፔር ቻርጀር ወደ 650 ዋት ይስባል። ማይክሮዌቭ ያሳስታል፤ «1,000 ዋት» የተባለው ምግቡ የሚያገኘው ነው፣ ከግድግዳው የሚስበው ወደ 1,500 ይጠጋል። ኮምፕረሰር ያለው ነገር ሁሉ ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። ትልልቆቹ የጣሪያ ኤርኮንዲሽነሮች አንዲትን ትንሽ ጄኔሬተር ገና ሲነሡ የሚያጠፏት ለዚህ ነው፤ አነሣሡን የሚያለሰልስ መሣሪያ ካልተገጠመላቸው በቀር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፤ ደግነቱ ሲነሣ የተለየ ግፊት የለውም፣ የሚፈልገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። ዋናው ብልሃት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማብራት ነው። እኔ ባትሪዬ እየተሞላ እንጀራ አልጋግርም።

አንድ ነገር በብዙ ሰው ላይ ስላየሁ ልጨምር። ጄኔሬተሩ ላይ ያለውን የ12 ቮልት መሰኪያ የቫኑን ትልቅ ባትሪ ለመሙላት አትጠቀሙበት። የሚሰጠው ወደ 8 አምፔር ነው፤ 100 አምፔር ሰዓት ለመሙላት ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ሞተር ማስጮህ ነው። በ120 ቮልቱ በኩል በጥሩ ቻርጀር ከገባ በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል።

አሁን የከፍታውን ነገር ልንገራችሁ፤ ኮሎራዶ ላይ ያላችሁ ልብ በሉ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ሊድቪል አጠገብ ጫካ ውስጥ ቆሜ ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከአውሮራ ሁለት ቤተሰብ ሊጠይቁኝ እየመጡ ስለነበር ከሦስት ቀን በፊት ያቦካሁትን ሊጥ አብሲት ጥጄ አዘጋጀሁ። አሪዞና ላይ ያለ ችግር ስጋግርበት የኖርኩትን ምጣድ ሰካሁ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ ቢጮህም ምጣዱ አልግል አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ቀዩ መብራት በራና መስመሩ ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ሊጡን በጋዝ ምድጃ ላይ በመጥበሻ እያገላበጥኩ እንደ ቂጣ ጠበስኩት፤ እንግዶቼ ደግ ሆነው አውሮራ ካለ ሱቅ እንጀራ ይዘው ባይመጡ ኖሮ ዶሮ ወጡ ብቻውን ይቀርብ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ ኃይል ይቀንሳል። ሊድቪል ላይ ከሦስት አንዱ በላይ ሄዷል ማለት ነው፤ 1,800 የነበረው ወደ 1,150 ወርዷል። ምጣዱ የሚጠይቀው 1,500 ነው። ችግሩ በዚህም አያበቃም፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ለከፍታ የሚሆን ጠባብ ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን፣ በካርቡሬተሩ ላይ ማስገጠም ይችላል። እኔ ግን አላስገጠምኩም፤ ያ ጄት ቆላ ሲወርድ ቤንዚን አሳንሶ ሞተሩን ያግላል፣ እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደጋና ቆላ የምመላለስ ነኝ። ተራራ ላይ ሸክሙን አቀልላለሁ፣ ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ አጸዳለሁ።

ቤንዚን ስትቀዱም ቁጥሩን እዩ። ኮሎራዶ ማደያዎች ላይ ርካሹ ቤንዚን ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ የእኔ ጄኔሬተር መመሪያ 86ና ከዚያ በላይ ይላል፣ ስለዚህ 87 እቀዳለሁ። 88 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ስለሆነ ለትንንሽ ሞተር አይሆንም፤ የሚፈቀደው እስከ 10 በመቶ ነው። ኤታኖል የሌለበት ካገኛችሁ፣ ቢወደድም፣ ለጄኔሬተር እሱን ግዙ።

ቀጥሎ ያለውን ግን ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉብኝ።

አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ አጠገብ ጫካ ውስጥ ነበርኩ፤ ማታ ነው፣ ይዘንባል። ጄኔሬተር በዝናብ እንደማይሠራ ስለማውቅ ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ ከቫኑ የኋላ በር ሥር አስጠግቼ አስነሣሁት። ገመዱን ለማስገባት የኋላውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፈት አድርጌዋለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ሠራሁ ራሴን ያመኝ ጀመር። ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ሐኪሙ ስለ ኩላሊት ሲናገር ቃሉ ጠፋኝ። ኩላሊት! በቀን ስንት ጊዜ የምለው ቃል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚያው ቅጽበት ከአልጋው አጠገብ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ጮኸ፤ የማንቂያው ቁጥር ማሳያ ላይ 160 ይላል። በሩን በርግጄ ዝናቡ ላይ ወጣሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደምንም ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጥሪውንም ለሌላ አስተርጓሚ አሳለፍኩ።

እኛ ይህን ጋዝ ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ያልተያያዘ ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው በማግሥቱ ያልተነሡ ሰዎች ወሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ያ ነው፤ ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። መጀመሪያ የሚያጠቃው አእምሮን ነው፤ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን የሚያውቅበትን ነገር ነው ቀድሞ የሚወስደው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ከእሳት አደጋ ጋር ባልተያያዘ፣ ሳይታሰብ በሚደርስ የዚህ ጋዝ መመረዝ ይሞታሉ።

ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከቫኑ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፣ የጭስ መውጫው ፊቱን ከእናንተም ከጎረቤታችሁም ያዙር፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ የሚያመጣ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ለዚያ ርቀት ወፍራም ማራዘሚያ ገመድ ያስፈልጋል፤ እኔ የምጠቀመው 12 ጌጅ ነው፣ ቀጭኑ ይግላል። ለዝናብ ለጄኔሬተር ተብሎ የሚሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ሽፋን ገዝቻለሁ። ማንቂያው በባትሪ የሚሠራ ይሁን፣ በምትተኙበት ከፍታ አጠገብ ይሰቀል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው ዓመት ሲያልፍ ይጣል። አዳዲሶቹ ጄኔሬተሮች ጋዙ ሲበዛ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መሣሪያ አላቸው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ነገር ግን የሚለካው እነሱ አጠገብ ያለውን እንጂ እናንተ የምትተነፍሱትን አይደለም። ጄኔሬተር እየሠራ አትተኙ።

ወደ አያያዙ ልምጣ። ብዙ ሰው ጄኔሬተር በሥራ ብዛት የሚያረጅ ይመስለዋል። የእኔ ልምድ ተቃራኒው ነው፤ ትንሿን ሞተር የሚገድላት መቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሶላሩ ስለበቃኝ ጄኔሬተሩን አራት ወር ያህል ቤንዚን እንደያዘ ረስቼው ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ ኳርትዝሳይት ላይ ሁለት ቀን ተኩል ደመና ሆነ። ባትሪው 11 በመቶ ላይ ደረሰ። ገመዱን ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ መዳፌ እስኪላጥ ሳብኩ። አይነሣም።

ከሁለት መኪና ወዲያ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። ድምፁን ሰምተው ካቻቢቴና 10 ቁጥር ቁልፍ ይዘው መጡ። ምንም ሳይጠይቁ የጎን ሽፋኑን ፈቱ፣ የቤንዚን መዝጊያውን ዘጉ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የቤንዚን ጽዋ አውርደው የባትሪ መብራት አበሩበት። ታቹ ላይ ቢጫ አረንጓዴ የሆነ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ጋግሯል። ከመሐሉ ዋናውን ጄት ፈትተው ወደ ሰማይ አቅንተው አሳዩኝ፤ ብርሃን ማለፍ የነበረበት ቀዳዳ ተደፍኗል። ቀዳዳው ከስፌት መርፌ ይቀጥናል። በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ነከሩት፣ ከተራ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘዙና በቀስታ አሳለፉበት። «ብረት መርፌ እንዳታስገባበት፤ ናሱን ያሰፋዋል» አሉኝ። መልሰን ገጥመን በሁለተኛው ስቤ ተነሣ። የሁለት ቀን ሥራ ግን አምልጦኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲቀመጥ የሚተንነው ይተንናል፣ የቀረው ይረጋል። ኤታኖሉ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አንድ ወር ይበቃዋል። እሳቸው ካስተማሩኝ ጀምሮ ከሁለት ሳምንት በላይ የማልጠቀምበት ከሆነ ሞተሩን በማጥፊያው አላጠፋም። እየሠራ ሳለ የቤንዚን መዝጊያውን እዘጋለሁ፤ በጽዋው ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና ድምፁ እየተቆራረጠ ራሱ ይጠፋል። በአንዳንድ ሞዴሎች መዝጊያውና ማጥፊያው አንድ ላይ ስለሆኑ ይህ አይቻልም፤ ለነዚያ ከጽዋው ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ በጣሳ ማፍሰስ ነው። ታንከሩ ውስጥ ለሚቀረው ቤንዚን ማቆያ ፈሳሽ ጨምሩ፤ ከጨመራችሁ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል አሠሩት፣ አለበለዚያ ካርቡሬተሩ ዘንድ ሳይደርስ ታንከር ውስጥ ይቀራል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ብትፈልጉትም ባትፈልጉትም ግማሽ ሰዓት በግማሽ ሸክም አሠሩት። በፕሮፔን የሚሠራውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ፕሮፔን አይረጋም፣ ካርቡሬተር አይደፍንም። ኃይሉ ከቤንዚን ትንሽ ያንሳል፣ በኃይለኛ ብርድም ትንሹ ሲሊንደር ይደክማል። አንድ ቦታ ላይ ለሚቆም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን እኔም እሱን እመክረዋለሁ።

ዘይቱ የሚይዘው 0.4 ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ጎደለ ማለት ለዚህ ሞተር ብዙ ነው። አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ይቀየር፤ ያ ዘይት ከአዲሱ ብረት የተላጠውን ደቃቅ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ። ሞቅ ሲል ለውጡት፣ ቶሎ ይፈስሳል። የፈሰሰውን በፕላስቲክ ዕቃ ይዛችሁ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውሰዱት፤ ብዙዎቹ በነጻ ይቀበላሉ። በረሃው አሸዋ ላይ የሚደፋ ሰው አይቻለሁ፤ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ያ መሬት ሁላችንን ያስጠጋ መሬት ነው። ሞተሩ ያለ ምክንያት ከጠፋ ወይም አልነሣ ካለ ካንዴላ ከመፍታታችሁ በፊት ዘይቱን ለኩ፤ ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ አለው፣ ዘመም ያለ መሬት ላይ ከቆመም ዘይት ያነሰ ይመስለዋል።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ነው። አሪዞና አቧራ ላይ እኔ በየ25 ሰዓቱ እፈትሸዋለሁ። በሳሙና ውኃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጭመቁት። ደረቁን አትግጠሙት፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። ማርሚታው ላይ ያለችውን የእሳት ፍንጣሪ መያዣ ወንፊት በየ100 ሰዓቱ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ በብሔራዊ ደኖች ያለ እሷ ማስነሣት ክልክል ነው፣ በደረቅ ወራት አንዲት ፍንጣሪ ምን እንደምትሠራ ኮሎራዶ ላይ ያለ ሰው ያውቃል። ቤንዚን ስትጨምሩ ሞተሩ ጠፍቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሲጓጓዝ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ይዘጋ፣ ቤንዚን ያለበት ጄሪካን ከምትተኙበት ክፍል ውጭ ይታሰር። እኔ ጄኔሬተሩን ከኋላ ባለው የብረት መደርደሪያ ላይ በወፍራም ሰንሰለት አስሬዋለሁ፤ የሚሰርቅ ሰው በጣም የሚወደው ዕቃ ነው።

የቫናችሁ የመብራት መከላከያ መሣሪያ «ኧርዝ የለም» ብሎ ኃይል አላስገባም ቢላችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ትንንሽ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) ከኧርዝ ጋር አልተያያዘም፤ ሁለቱን የምታያይዝ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራች መሰኪያ ትሸጣለች። ካምፕ ውስጥ ባለው መብራት ላይ ስትሰኩ ግን እሷን መንቀል እንዳትረሱ።

እህቴ ደብረ ብርሃን ጸጉር ቤት አላት። መብራት ሲጠፋ ደንበኛዋ እርጥብ ጸጉር ይዛ እንደምትቀመጥ ነግራኝ፣ «ያንተን ዓይነት ላክልኝ» አለችኝ። ልልክላት ልቤ ፈቅዶ ነበር፤ ግን የእኔ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ነው፣ እሷ ዘንድ 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ። እዚያው ያለውን እንድትገዛ ገንዘቡን ላክሁላት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ካርቶኑ ላይ ካለው ከሦስት አንዱን ቀንሳ እንድታስብ፣ ከሱቁ በር አርቃ ከኋላው ግቢ እንድታስቀምጠው፣ መብራቱ ሲመጣም በማጥፊያው ሳይሆን ቤንዚኑን ዘግታ እንድታጠፋው ነገርኳት። ያን ቀን ማታ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ሞተሩ ይሠራል፤ «አሁን ዘጋሁት» ትላለች። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም የለም፣ የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ቆይቶ ይቆራረጥ ጀመረ፣ አንዴ አነቀው፣ ደግሞ አነቀው፣ ጸጥ አለ። «እንዲህ ነው የሚጠፋው?» አለችኝ።